የእናቴ ቢጫ ፌስታል፦ ኩላሊት ሲደክም ቫይታሚን ኤ እና ኢን እንዴት እንደምንይዛቸው

ባለፈው ዓመት ሚያዝያ፣ ከፋሲካ በኋላ ባለው ሳምንት ነው። እናቴ ማክሰኞና ዓርብ የኩላሊት እጥበት አላት። እጥበቱ አልቆ ነርሷ መርፌዎቹን ከክንዷ ስትነቅል ጋዙን ተቀብዬ በሁለት ጣቴ የምጫነው እኔ ነኝ፤ ይህ ሥራዬ ከሆነ ሦስት ዓመት አልፎታል። ሁልጊዜ አሥር ደቂቃ ይበቃው ነበር። ያን ቀን ግን ጋዙን ባነሳሁ ቁጥር ደሙ ቀስ ብሎ ብቅ ይላል። አሥራ አምስት ደቂቃ፣ ሃያ፣ ሃያ አምስት። ነርሷ መጥታ አየችና "እማማ፣ እዚህ ከታዘዘልዎት ሌላ የሚወስዱት መድኃኒት አለ?" አለቻት።

"ኧረ ምንም የለም ልጄ፤ ቫይታሚን ብቻ ነው" አለች እናቴ።

ሙያዬ ፋርማሲስትነት ነው። ሳሪስ አካባቢ መድኃኒት ቤት ውስጥ አሥራ አራት ዓመት ሠርቻለሁ። "ቫይታሚን ብቻ" የሚለውን ቃል በየቀኑ እሰማዋለሁ፤ በሰማሁ ቁጥርም የትኛው ቫይታሚን እንደሆነ እጠይቃለሁ። እናቴን ግን ጠይቄያት አላውቅም ነበር።

ማታ ቤት እንደገባን ከራስጌዋ ያለውን ቢጫ ፌስታል አምጥቼ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፍኩት። ወንድሜ ከሜሪላንድ የላከው፣ ከ50 ዓመት በላይ ለሆኑ ሴቶች የተሠራ መልቲቫይታሚን አለ። አብሮት የመጣ ቫይታሚን ኢ 400 አለ። የአክስቴ ልጅ "ዓይኗ ደከመ" ሲባል ሰምታ የላከችው የዓይን ቫይታሚን አለ። ጸጉሯ መርገፍ ሲጀምር ደግሞ ለጸጉር፣ ለቆዳና ለጥፍር የሚባለው፣ እንደ ከረሜላ የሚታኘከው ተጨምሯል። ከሁሉም በታች ጎረቤታችን "ለጉልበትሽ" ብላ የገዛችላት የኮድ ዓሣ ጉበት ዘይት፣ ግማሽ ጠርሙስ። ይህንን ጠዋት ጠዋት በሾርባ ማንኪያ ነበር የምትጠጣው። ሁሉም በፍቅር የመጣ ነው፤ አንዱም ግን የኩላሊት ሐኪሟ መዝገብ ላይ አልነበረም።

እንዲህ ያለ ፌስታል በብዙ ቤት አለ። በዚያ ሌሊት ያደረግሁትን ቅደም ተከተል፣ ከጀርባው ካለው ምክንያት ጋር እጽፋለሁ፤ እናንተም ቤታችሁ ያለውን አውጥታችሁ እንድታዩት።

ለምን ኤ እና ኢ?

በስብ የሚሟሟ የሚባሉት ቫይታሚኖች አራት ናቸው፦ ኤ፣ ዲ፣ ኢ እና ኬ። ከእነዚህ አንቲኦክሲዳንት እየተባሉ የሚሸጡት በተለይ ኢ እና ኤ (ከዕፅዋት ከሚገኙት ዘመዶቹ፣ ከካሮቲኖቹ ጋር) ናቸው። ቃሉ ለብዙ ሰው ጭጋግ ስለሚሆን በቅቤ ላስረዳ። እናቴ ቅቤ ስታነጥር ኮሰረት፣ ኮረሪማና እርድ የምትጨምረው ለመዓዛው ብቻ አይደለም፤ እንዲቆይላትም ነው። ቅቤ የሚከረፋው ስቡ ከአየር ኦክስጅን ጋር ሲገናኝ ነው። በሰውነታችንም እያንዳንዱ ሕዋስ በስስ የስብ ሽፋን የተከበበ ነው፤ ያ ስብም እንደዚያው ይበላሻል። ቫይታሚን ኢ እዚያው ስቡ ውስጥ ተቀምጦ ብልሽቱን ይገታል፤ አንቲኦክሲዳንት ማለት ይህ ነው።

ኩላሊት ሲደክም ይህ ብልሽት ይፋጠናል። በሽንት መውጣት የነበረበት ቆሻሻ ደም ውስጥ ይቆያል። በእጥበት ጊዜ ደሙ በማጣሪያው ውስጥ ሲያልፍ ነጭ የደም ሕዋሳት ይቆጣሉ፤ ለደም ማነስ በደም ሥር የሚሰጠው ብረትም የራሱን ይጨምራል። የኩላሊት ሕመምተኛ በልብና በደም ሥር በሽታ የመጠቃቱ አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ስለዚህ "አንቲኦክሲዳንት ይጠቅመዋል" ብሎ ማሰብ የሚገባ ሐሳብ ነው። ተመራማሪዎችም አስበውታል፣ ሞክረውታልም።

እ.ኤ.አ. በ2000 እስራኤል ውስጥ በተሠራ ጥናት እጥበት ላይ ያሉና የልብ ሕመም ያለባቸው 196 ሰዎች ተሳትፈው ነበር። ግማሾቹ በቀን 800 ዩኒት ቫይታሚን ኢ፣ ግማሾቹ ባዶ እንክብል ወሰዱ። ቫይታሚኑን ከወሰዱት ድንገተኛ የልብ ሕመምና መሰል አደጋ የደረሰባቸው 16 በመቶ፣ ካልወሰዱት 33 በመቶ ሆኑ። ተስፋ የሚሰጥ ቁጥር ነው፤ ዛሬም ቫይታሚን ኢን ለኩላሊት የሚያወድስ ሁሉ ይህን ይጠቅሳል። ችግሩ ሌሎቹን አለመጥቀሱ ነው። በዚያው ዓመት ውጤቱ የወጣው፣ ከ9,500 በላይ ሰዎች የተሳተፉበት ሆፕ የተባለው ጥናት በቀን 400 ዩኒት ለዓመታት ሰጥቶ ለልብ ምንም ጥቅም አላገኘም። ከእነዚያ ውስጥ ኩላሊታቸው በመጠኑ የደከመው ወደ 1,000 የሚጠጉት ለብቻቸው ሲታዩም ጥቅም አልተገኘም። ክትትሉ ቀጥሎ በ2005 ውጤቱ ሲወጣ ቫይታሚኑን በወሰዱት ላይ የልብ መድከም በዝቶ ታየ። በ2011 ደግሞ ከ35,000 በላይ ወንዶች በተሳተፉበት በሌላ ጥናት በቀን 400 ዩኒት የወሰዱት ላይ የፕሮስቴት ካንሰር በ17 በመቶ ጨምሮ ተገኘ።

ለዚህ ነው የአሜሪካው ናሽናል ኪድኒ ፋውንዴሽን ከሥነ ምግብ ባለሙያዎች ጋር በ2020 ባወጣው መመሪያ፣ እጥበት ላይ ላሉ አዋቂዎች ቫይታሚን ኤ እና ኢ በልማድ አይሰጥ፣ ምክንያቱም ሊመርዝ ይችላል ያለው። የግድ ካስፈለገም ከመጠን ሳያልፍ፣ በክትትል።

ቫይታሚን ኤ ለምን ይጠራቀማል

ይህንን ክፍል በደንብ ያዙልኝ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ቫይታሚን ኤ ጉበት ውስጥ ይከማቻል። ጉበት ወደ ደም ሲለቀው ብቻውን አይሄድም፤ ሬቲኖልን (በደም የሚዞረውን ቫይታሚን ኤ) የሚሸከም አንድ ትንሽ ፕሮቲን አለ። ጤነኛ ኩላሊት ሥራውን የጨረሰውን ይህን ተሸካሚ ከደሙ አጣርቶ ይሰባብረዋል። ኩላሊቱ ሲደክም ተሸካሚው አይሰባበርም፤ ደም ውስጥ ይበዛል፣ ሬቲኖሉም አብሮት ከፍ ይላል። የእናቴ ወንድም "እጥበት የምታደርገው ለዚህ አይደል? ታጥቦ ይወጣል" ብሎኝ ነበር። አይወጣም። የእጥበት ማጣሪያ የሚያስወጣው በውኃ የሚሟሟውንና ትንሹን ነው። ቢ ቫይታሚኖችና ቫይታሚን ሲ ይወጣሉ፤ ሐኪም እነሱን መልሶ የሚሰጠው፣ ከእጥበት በኋላ ውሰዱ የሚለውም ለዚህ ነው። ስብ ውስጥ የሚቀመጠውና በፕሮቲን የታሰረው ኤ ግን እዚያው ይቀራል።

ከመጠን ሲያልፍ የሚያሳየው ምልክት ከኩላሊት ሕመም ከራሱ ጋር ይመሳሰላል፦ ቆዳ መድረቅና ማሳከክ፣ የከንፈር መሰንጠቅ፣ የጸጉር መርገፍ፣ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ የአጥንት ሕመም፣ የካልሲየም ከፍ ማለት፣ የጉበት ጉዳት። እናቴ ከጥር ጀምሮ ታክ ነበር። ሁላችንም ኩላሊት ሳያስወጣው ሲቀር የሚያሳክከው ፎስፈረስ ነው አልን፤ አብዛኛውን ጊዜም እሱ ነው። ከንፈሯ ሲሰነጠቅ ቫዝሊን ቀባናት። ጸጉሯ ሲረግፍ ለጸጉር ቫይታሚን መጣ፤ እሱም ውስጡ ቫይታሚን ኤ ነበረው። ያን ሌሊት ጠርሙሱን አዙሬ ጽሑፉን ሳነብ እጄ ተንቀጠቀጠ።

ፌስታሉን እንዴት እንፈትሻለን

ሁሉንም አውጡ። ከራስጌ፣ ከቁም ሳጥን፣ ከቦርሳ፣ ከማቀዝቀዣ። "እሱ መድኃኒት አይደለም" የተባለውን ጨምሩ፦ ሽሮፑን፣ የሚታኘከውን፣ በውኃ የሚበጠበጠውን ዱቄት። በሐኪም የታዘዙትን ለብቻ፣ ያልታዘዙትን ለብቻ ደርድሩ። በታዘዙት ላይ በራሳችሁ ምንም አትንኩ። እናቴ አልፋካልሲዶል ትወስዳለች፤ እሱ የቫይታሚን ዲ ዓይነት ነውና "በስብ የሚሟሟ ሁሉ ይቅር" ብሎ ያቋረጠ ሰው አጥንቱን ይጎዳል። ዲን ወደሚሠራበት መልክ የሚለውጠው ኩላሊት ስለሆነ፣ የደከመ ኩላሊት ያለው ሰው የተለወጠውን ከውጭ ይፈልጋል። የዲ ጉዳይ ሌላ ነው፤ ለሐኪሙ እንተወው።

ቀጥሎ ደብተር ያዙ። ለእያንዳንዱ ስሙን፣ በቀን ስንት ጊዜ እንደሚወሰድ፣ በአንድ ጊዜ ስንት ፍሬ ወይም ስንት ማንኪያ እንደሆነ ጻፉ። እዚህ ላይ በሽተኛውን እንጂ ጠርሙሱን አትመኑ። የዓሣ ዘይቱ ጠርሙስ ላይ በሻይ ማንኪያ ይላል፤ እናቴ ግን የሾርባ ማንኪያ ነበር የያዘችው። ልዩነቱ ሦስት እጥፍ ነው። "አንዴ አሳዪኝ እማዬ፣ እንዴት ነው የምትወስጂው?" ብዬ ማንኪያውን ስታነሳ ነው ያወቅሁት።

ከዚያ ቫይታሚን ኤ የሚለውን መስመር ፈልጉና በየትኛው መልክ እንደመጣ እዩ። ሬቲኒል ፓልሚቴት፣ ሬቲኒል አሲቴት ወይም ሬቲኖል ከተባለ የተዘጋጀ ቫይታሚን ኤ ነው፤ የሚጠራቀመው ይህ ነው። የጉበት ዘይትም ከዚሁ ወገን ነው። ቤታ ካሮቲን ከተባለ ከዕፅዋት የሚገኘው ነው፤ ሰውነት ወደ ኤ የሚለውጠው እየመጠነ ስለሆነ በመርዛማነት አይታማም። አንዳንዱ ጠርሙስ ሁለቱን ቀላቅሎ "ይህን ያህሉ በመቶ እንደ ቤታ ካሮቲን" ይላል። ያንን ቀንሳችሁ ቀሪውን መዝግቡ።

መለኪያው ሁለት ዓይነት ነው። አዲሶቹ የአሜሪካ ጠርሙሶች በማይክሮ ግራም ይጽፋሉ። የቆዩትና ከሌላ አገር የሚመጡት በዩኒት ይጽፋሉ፤ ባለሙያዎች አይዩ የሚሉት ነው። የሬቲኖልን ዩኒት በ0.3 ስታበዙት ማይክሮ ግራም ይሆናል፤ 10,000 ዩኒት 3,000 ማይክሮ ግራም ነው። አንዲት አዋቂ ሴት በቀን 700፣ ወንድ 900 ማይክሮ ግራም ይበቃቸዋል። ጤነኛ አዋቂ እንኳ ከተዘጋጀው ቫይታሚን ኤ በቀን ከ3,000 ማለፍ የለበትም። ኩላሊቱ ለደከመ ሰው ይህ ወሰን ራሱ ሰፊ ነው።

የእናቴ ደብተር እንዲህ ሆነ። መልቲቫይታሚኑ 750 ነበር፣ 40 በመቶው ቤታ ካሮቲን ስለሆነ 450 ቀረ። የሚታኘከው 450። የኮድ ጉበት ዘይት አንድ የሾርባ ማንኪያ 4,080 ገደማ። ድምሩ 4,980። ይህን በየቀኑ፣ ለአራት ወር ያህል፣ ማስወጫው በደከመ ሰውነት።

ለኢ ደግሞ ቁጥሩን ወደ ሚሊ ግራም ለውጡት። ጠርሙሱ ዲ አልፋ ቶኮፌሮል ካለ የተፈጥሮው ነው፤ 400 ዩኒት 268 ሚሊ ግራም ይሆናል። ዲ ኤል አልፋ ካለ በፋብሪካ የተቀናበረው ነው፤ 400 ዩኒት 180 ሚሊ ግራም። የዕለት ፍላጎት 15 ሚሊ ግራም ብቻ ነው። እናቴ ከኢ እንክብሉ 268፣ ከዓይን ቫይታሚኑ 180፣ ከመልቲቫይታሚኑ 22 ታገኝ ነበር፤ 470። ለጤነኛ አዋቂ ከተቀመጠው የ1,000 ወሰን በታች ነው፤ "ታዲያ ምን ችግር አለው?" ይባል ይሆናል። ችግሩ ብቻውን አለመሆኑ ነው። ቫይታሚን ኢ ሲበዛ ደም እንዲረጋ የሚያደርገውን የቫይታሚን ኬን ሥራ ይቀናቀናል። እናቴ ለልቧ አስፒሪን ትወስዳለች። በእጥበት ጊዜ ደሙ ማሽኑ ውስጥ እንዳይረጋ ሄፓሪን ይሰጣታል። ሦስቱ አንድ ላይ ሲሆኑ ጋዙ ሃያ አምስት ደቂቃ ፈጀ። ደም እንዳይረጋ የሚሰጠውን ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው ከሆነማ አደጋው ይብሳል።

ስትፈትሹ የዓይን ቫይታሚኑን ለቫይታሚን ሲም እዩት። ብዙዎቹ 500 ሚሊ ግራም አላቸው። ትርፉ ጠጠር ወደሚሠራ ቆሻሻ፣ ወደ ኦክሳሌት፣ ይለወጣል፤ ኦክሳሌትን የሚያስወጣውም ኩላሊት ነው።

በመጨረሻ ወረቀቱን ከነጠርሙሶቹ ይዛችሁ ለሐኪሙ አሳዩ። ጠርሙሱን ከመግለጽ ማሳየት ይሻላል፤ "ቢጫ፣ ሞላላ" በሚል መግለጫ ማንም ሐኪም ውሳኔ መስጠት አይችልም። እኔ በማግስቱ ወሰድኩ። ሐኪሟ ያልታዘዙትን በሙሉ አስቆመ። ደሙ የቆየው ፌስቱላው (ለእጥበት መርፌው የሚገባበት፣ ክንዷ ላይ የተዘጋጀው የደም ሥር) ጠቦ እንዳይሆን አስመረመረ፤ ደህና ነበር። ፎስፈረስና ካልሲየምን የሚቆጣጠረውን የፓራታይሮይድ ሆርሞን አየ፤ እነሱም እንደ ወትሮው ናቸው። ካልሲየሟ ግን 11.2 ነበር፣ ከፍ ያለ። የታዘዙላት አልፋካልሲዶልና ካልሲየም ካርቦኔትም ካልሲየም ስለሚጨምሩ የእነሱን መጠን ፈተሸ፤ ለወራት አልተቀየረም። በሦስተኛው ሳምንት ጋዙ በአሥራ ሁለት ደቂቃ ቆመ። ካልሲየሙ ወደ 10.1 ለመውረድ ስድስት ሳምንት ፈጀ። ማሳከኩ ቀስ እያለ ነው የቀነሰው፤ ጉበት ውስጥ የተከማቸ ኤ በአንድ ጊዜ አይወጣምና ትዕግሥት ይጠይቃል።

"በደም ምርመራ ኤን አስለኩልኝ" የሚሉ አሉ። በኩላሊት ሕመምተኛ ተሸካሚው ፕሮቲን ስለሚበዛ የደም ሬቲኖል ምንም ሳይወሰድም ከፍ ሊል ይችላል። አንድ ቁጥር ብቻውን መመረዝን አያረጋግጥም፤ ከምልክቱ፣ ከካልሲየሙና ከደብተራችሁ ጋር አብሮ ነው የሚታየው።

ከማዕድ

ኤን እና ኢን ከማዕድ ማግኘት ይቻላል፤ ለኩላሊት ሕመምተኛም የተሻለው መንገድ ይህ ነው፣ ጥንቃቄ ግን አለው።

ትልቁ ጥንቃቄ ጉበት ነው። 85 ግራም የበሬ ጉበት 6,600 ማይክሮ ግራም ገደማ ቫይታሚን ኤ አለው፤ ለሴት የዘጠኝ ቀን ቀለብ ማለት ነው። ዱለትም ጉበት አለበት። እናቴ ዱለት ትወዳለች፣ እሑድ ጠዋት ከቤታችን አይጠፋም ነበር። የፋሲካ ሳምንት ደግሞ ሁለት ወር ሊሞላ ጥቂት የጎደለ ጾም ተፈትቶ በየዘመዱ ቤት ዱለት ይቀርባል። አሁን በበዓል አንድ ጉርሻ ትቀምሳለች፣ በቃ። ጉበት ፎስፈረስም ስላለው ሐኪሟ ይህን በደስታ ነው የተቀበለው። ቅቤና እንቁላል ከጉበት ጋር አይወዳደሩም፤ አንድ እንቁላል ሰማንያ ማይክሮ ግራም እንኳ አይሞላም።

ካሮት፣ ዱባ፣ ጎመን፣ ብርቱካናማ ስኳር ድንችና ማንጎ የሚሰጡት ካሮቲን ነው፤ በኤ በኩል አያሰጉም። የሚያሰጉት በፖታሺየማቸው ነው። ፖታሺየም ቀንሱ የተባለ ሰው ጎመኑን በስሱ ከትፎ፣ በብዙ ውኃ ቀቅሎ፣ ውኃውን ደፍቶ ነው የሚሠራው። የመቀቀያውን ውኃ "ቫይታሚኑ እዚያ ነው" ብሎ የሚጠጣ አለ፤ ፖታሺየሙም እዚያው ነው፣ አታጠጡት። የሽፈራው ዱቄትም ዛሬ በየሱቁ "ለሁሉ ነገር" ተብሎ ይሸጣል። ቅጠሉ በካሮቲን ሀብታም መሆኑ እውነት ነው። ግን የደረቀ ቅጠል ዱቄት ማለት የተጠራቀመ ፖታሺየም ነው፤ ቫይታሚን ኬም ስላለው ከዋርፋሪን ጋር ይጋጫል። እጥበት ላይ ላለ ሰው ሐኪሙን ሳታማክሩ አትስጡ።

ለኢ ግን ዘይት አለ፣ ይህን ስናገር ደስ ይለኛል። ለውዝና የሱፍ ፍሬ ኢ አላቸው፤ ፎስፈረስና ፖታሺየምም አላቸው። ዘይቱ ግን ፎስፈረስም ፖታሺየምም የለውም ማለት ይቻላል። አንድ የሾርባ ማንኪያ የሱፍ ዘይት 5.6 ሚሊ ግራም ኢ ይሰጣል፤ ሽሮና አትክልት ውስጥ በቀን ሁለት ማንኪያ ከገባ 11 ሚሊ ግራም አለፈ ማለት ነው። ከ15ቱ ብዙው ተገኘ፣ ያለ እንክብል። በጾም ቀን ጭምር። ፓልም ዘይት ከዚህ ያነሰ ነው ያለው። ዘይቱን መስኮት ሥር፣ ፀሐይ በሚያገኘው ቦታ አታስቀምጡት፤ ድስት ውስጥ ጭሶ ቀለሙ እስኪጠቁር አታግሉት፤ አንዴ የተጠበሰበትን ደጋግማችሁ አትጠቀሙበት። ብርሃንና ሙቀት የሚያጠፉት መጀመሪያ ኢን ነው።

በአንዳንድ የዘይት ጀሪካን ላይ "በቫይታሚን ኤ እና ዲ የበለጸገ" የሚል አለ። ብዙ ሰው ፎቶ አንስቶ እየላከ "ይህስ?" ይለኛል። የሚጨመረው አነስተኛ ነው፤ በልኩ እየተጠቀማችሁ አትጨነቁበት። ጭንቀታችሁን ለጉበቱና ለእንክብሉ አድርጉት።

መድኃኒት ቤት ስትመጡ

ባለፈው ወር አንድ አዛውንት መጡ፣ እጃቸው ላይ ብጣሽ ወረቀት። "ልጄ፣ ቫይታሚን ኢ ባለ 400 ስጪኝ" አሉኝ።

"እሺ አባቴ። ለማን ነው የሚወስዱት?"

"ለባለቤቴ። ኩላሊቷ ነው። ያጥባል አሉኝ።"

"እጥበት ጀምራለች?"

"አልጀመረችም። ሐኪሙ ሦስተኛ ደረጃ ነው ያለው።"

የምትወስደውን ጠየቅኋቸው። የግፊት፣ የስኳር፣ እና ለልብ ምት ዋርፋሪን። ወንበር አምጥቼ አስቀመጥኳቸው። እንክብሉ ኩላሊት እንደማያጥብ፣ ከዋርፋሪኑ ጋር ሆኖ ደም ሊያፈስስ እንደሚችል ነገርኳቸው። ሦስተኛ ደረጃ ላይ ያለ ኩላሊት የሚጠበቀው ግፊቱንና ስኳሩን በመያዝ፣ ጨው በመቀነስ፣ የሕመም ማስታገሻ እንደ ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ያሉትን በራስ ባለመውሰድ እንደሆነ አስረዳኋቸው። ለኢ ያመጡትን ብር የግፊት መለኪያ መግዣ ላይ እንዲጨምሩት መከርኳቸው። "ታዲያ ማን ነው ይሄን የጻፈልኝ?" አሉ ወረቀቱን እያዩ። የጻፈላቸው ጎረቤት ነው፤ ክፋት የለውም።

ሁላችሁም መድኃኒት ቤት ስትገቡ መጀመሪያ "የኩላሊት ሕመምተኛ ነው" በሉ። ሳትጠየቁ። ከመደርደሪያው ጀርባ ያለነው ሰዎች ሁሌ አንጠይቅም፤ ሰልፉ ረጅም ነው።

ሦስት ሰዎችን ለብቻ ልጥቀስ። ልጅ ላላቸው፦ በዓመት ሁለት ጊዜ በዘመቻ የሚሰጠው የቫይታሚን ኤ እንክብል፣ ሰማያዊው 100,000፣ ቀዩ 200,000 ዩኒት ነው። ለጤነኛ ልጅ ዓይንና ሕይወት የሚያድን ነው፣ አስወስዱ። ኩላሊቱ የታመመ ልጅ ካላችሁ ግን ከመስጠታቸው በፊት ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ንገሯትና ሐኪሙን አስቀድሙ። ቤት የተረፈውን ለአዋቂ መስጠት ፈጽሞ አይገባም። ለብጉር አይሶትሬቲኖይን የሚወስዱ ወጣቶች፦ እሱ የቫይታሚን ኤ ዘመድ ነው፤ ለቆዳ ሐኪማችሁ ኩላሊታችሁን ንገሩት። ሦስተኛ፣ "ማታ ማታ አይታየኝም፣ ዳፍንት ነው፣ ኤ ልውሰድ" የሚሉ። ስኳርና ግፊት ኩላሊትን እንደሚጎዱት የዓይንን የውስጥ ሽፋንም ይጎዳሉ። እናቴም ዓይኗ የደከመው በዚህ ነበር፤ የዓይን ሐኪም ጋ ስንሄድ በሌዘር ታከመች። የዓይን ቫይታሚኑ አምስት ወር አዘገየን።

በእርግጥ ኤ ወይም ኢ የሚጎድልበት የኩላሊት ሕመምተኛም አለ፦ ለረጅም ጊዜ ምግብ ያልበላ፣ ስብ የማይፈጭለት፣ አንጀቱ የታመመ። ለእሱም የሚሰጠው ተለክቶ፣ ለተወሰነ ጊዜ፣ በሐኪም ነው።

ውጭ ላለው ዘመድ የሚባለው

ከሁሉ የከበደኝ ወንድሜን መንገር ነበር። አሥራ ሁለት ሰዓት እየሠራ፣ ከሚያገኘው ቆርሶ፣ ሻንጣ ለሚያመጣ ሰው እየለመነ የላከው ነው። "ጎዳሃት" እንዲመስለው አልፈለግሁም። ስልክ ደውዬ ደብተሩን አነበብኩለት፣ ቁጥሩን ብቻ። ዝም አለ። ከዚያ "እሺ፣ ምን ልላክ?" አለኝ።

የነገርኩትን ለእናንተም ልጻፍ፤ ለራሳችሁ ወንድምና እህት ላኩት። ቫይታሚን የግድ መላክ ካማራችሁ፣ ለኩላሊት ሕመምተኛ ተብሎ የተሠራውን፣ እንደ ሬና ቫይት ወይም ኔፍሮ ቫይት ያለውን፣ ሐኪሟ እሺ ካለ ብቻ። ውስጡ ቢ ቫይታሚኖች፣ ፎሊክ አሲድና ጥቂት ቫይታሚን ሲ ነው፤ ኤ የለበትም። ከመግዛታችሁ በፊት የጠርሙሱን ጀርባ ፎቶ አንስታችሁ ላኩልኝ። ከዚያ ይልቅ የክንድ ግፊት መለኪያ ላኩ፣ መጠቅለያው ለክንዷ የሚበቃ ይሁን። ለደረቀ ቆዳዋ ሽታ የሌለው ቅባት ላኩ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ለቫይታሚን የምታወጡትን ለእጥበቱ ላኩት፤ በሳምንት ሁለት ጊዜ የምንከፍለው እሱን ነውና።

በወሩ ማብቂያ ግፊት መለኪያው መጣ። ቢጫው ፌስታል አሁን የሐኪሙን ወረቀቶች ይዟል።